እርጥብ ለሙሐዲን ዓመት

እቴ ረቢያ ቤቴ ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ድስቶቼን ነው። ከውጫሌ በሚኒባስ ትመጣለች፤ ጫማዋን በር ላይ ታወልቅና «አሰላሙ አለይኩም» እያለች በቀጥታ ወደ ጓዳ ታልፋለች። ክዳን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ መልሳ ትከድናለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ለብለብ ነው፣ እቴ።»

«ለምን?»

ዓመቱን ሙሉ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሰው ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያና ግማሽ ሽንኩርት ዘይት ላይ ለብ ለብ አድርጎ፣ ዳቦ ከፍሎ መካከሉ ጨምሮ፣ ቆሞ ቢበላ ምክንያት መስጠት አለበት? ለስድስት ሰው የሚቁላላ ሽንኩርትና ለአንድ ሰው የሚቁላላ ሽንኩርት የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው። ይህን የሚያውቀው ለአንድ ሰው ያበሰለ ብቻ ነው።

«ሰው የሞተበት ቤት እንኳ እንዲህ አይበላም» አለች።

ይህ ቤት ሰው የሞተበት ቤት ነው ብዬ ላስታውሳት አልፈለግሁም። እሷም ወዲያው ገባት መሰለኝ፣ ክዳኑን ደግማ አንስታ ደግማ ከደነችው።

ረቢያ የባለቤቴ የሙሐዲን ታላቅ እህት ናት። ሙሐዲን ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ። እንዴት እንደሞተ የሐይቅ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አልጽፈውም። እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ልጅ አልነበረንም። ረቢያ በየጊዜው እየመጣች አንድ ድስት ወጥ ሠርታልኝ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ ታገኘዋለች፤ ትቆጣለች፤ ሌላ ድስት ትጥዳለች። ሁለታችንም ደክሞናል፤ የምታቆም ግን የለችም።

ያን ቀን የመጣችው ግን ለወጥ አልነበረም። ሐምሌ እያለቀ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ሸህ ዑበይዱላህ የዓመቱን ቀን ቆጥረውታል» አለች ቲማቲሙን በአይኗ ጥግ እያየች። «ነሐሴ በገባ ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ወይፈኑ ተዘጋጅቷል። ለክርስቲያኖቹ በግ እንገዛና እነ ሾፌሩ አራጋው ያርዳሉ። ሁለት ዳስ ይጣላል። እንዳርባው።»

«እቴ፣ ሁለት ዳስ አልፈልግም።»

«ባንድ ዳስ ሁለት ሥጋ ይበላል እንዴ?»

«ሥጋም አልፈልግም።»

ረቢያ ተቀመጠች።

እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይነግዳል፣ አብሮ ያለቅሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ይለያል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ደግ ባለቤት ለሁለቱም ያርዳል፣ ሁለት ድስት ይጥዳል፣ በሸራ ለይቶ ሁለት ዳስ ይጥላል። ማንም አይቀየምም። እኔም እስከ ሙሐዲን አርባ ድረስ ነገሩ ነውር አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።

በአርባው ቀን ግን ውሃ ላቀርብ ከሸራው ወዲያ ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ ስሻገር አራጋውን አየሁት። ሌሎቹ ክርስቲያኖች በልተው መርቀው ሄደዋል። አራጋው ብቻ አግዳሚው ላይ ቀርቷል። ከሸራው ወዲህ ያሉት ሾፌሮች ስለ ሙሐዲን አንድ ነገር አንስተው ይስቃሉ፤ እሱ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ይሰማል። አራጋውና ሙሐዲን በደሴ ወልድያ መስመር ላይ ሁለት ሚኒባስ እየነዱ አስራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ምሳቸውን አንድ ወረቀት ላይ ነበር የሚበሉት። ሲያየኝ «ውሃ ጨምሪልኝ፣ እታለም» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ለዓመቱ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ የሙሐዲን ሰው በሙሉ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምግብ እንዲበላ። ሌላው ሁሉ ረቢያ እንዳለችው ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

«አሳ» አልኳት። «አሳ አይታረድም። ይሄ የማን ነው፣ ያ የማን ነው የሚል አይኖርም። የመናኸሪያዋ ሂዳያ አሳ ሳንዱች ትሥራልን።»

«ሳንዱች?»

«አዎ።»

«በወንድሜ ዓመት? ሳንዱች?» ድስቱን እንደ ምስክር እያየች ነበር። «አጂብ ነው! ውጫሌ ምን ይላል? ‹የሙሐዲንን ዓመት በወረቀት ጠቅልለው አስያዙን› ነው የሚለው። ሰው ቁጭ ብሎ ሊበላ ነው የሚመጣ ወይስ ባስ ሊሳፈር?»

«ወንድምሽ የሚወደው እሱን ነበር።»

«ወንድሜማ ምን ይሁን? ቤት የሚጠብቀው ቲማቲም!»

ሙሐዲን እኔን ከማግባቱ በፊትም ምሳውን ቤት በልቶ አያውቅም ነበር፤ ረቢያም ይህን ታውቃለች። መንገደኛ ነበር። ከደሴ እስከ ወልድያ የትኛው መናኸሪያ በር ላይ ምን ዓይነት ሳንዱች እንዳለ፣ ማን ትኩስ ዳቦ እንደሚይዝ፣ ማን የትናንቱን መጥበሻ ላይ አሙቆ እንደሚያታልል ያውቃል። የውጫሌው ፉል በዳቦ ለጠዋት ነው ይላል። የመርሳው እንቁላል ሳንዱች ቃሪያው አይታማም፣ ዳቦው ግን እንጨት ነው። ደሴ ላይ ብዙ ምርጫ አለ፣ ሻጩ ግን ፊት አይሰጥህም። ከሁሉ በላይ ሐይቅ፤ የሂዳያ ቤት። ይህን ፍርድ በየማታው፣ ሳልጠይቀው፣ ጫማውን እያወለቀ ያሰማኝ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ መጻፍ አያስፈልግም።

ረቢያ ስልኳን አውጥታ ሸህ ዑበይዱላህ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እንድሰማና እንድሸነፍ።

«ሸህዬ፣ ይቺ ልጅ ሰደቃውን በሳንዱች ልታወጣ ነው።»

ሸሁ በእርጋታ ጠየቁ።

«ሳንዱች ማለት በዳቦ ውስጥ ያለው ነው?»

«አዎን።»

«ሐላል ነው?»

«አሳ ነው፣ ሸህዬ» አልኩ እኔ።

«ሰው ይጠግባል?»

«ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያ ምኑን ነው የምትጠይቁኝ?»

«ወይፈኑስ?» አለች ረቢያ።

«ወይፈኑን እዚያው አርደሽ ለሚስኪን አከፋፍዪው። እሱም ሰደቃ፣ ይሄም ሰደቃ። ሁለት ሰደቃ የጠላ ማነው?»

ረቢያ ስልኩን ዘጋችና ወጡን ልትሠራ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እስክትሄድ ድረስ ያነጋገረችው ሽንኩርቱን ነው።

በማግስቱ መናኸሪያው በር ላይ ወዳለችው ሂዳያ ሄድኩ። ሂዳያ ኩዌት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ የመጣች ልጅ ናት። አንድ ቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ትልልቅ መጥበሻ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አላት። ሳንዱቹን የምትጠቀልለው ተማሪዎች በጣሉት ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ እኔው ያረምኩትን የኬሚስትሪ ፈተና ጠቅልላ ሰጥታኛለች፤ ዘይቱ ውጤቱን አልሸፈነውም ነበር፤ አራት ከሃያ።

«ቲቸር፣ ለስንት ሰው?» አለችኝ።

«መቶ ይሆናል።»

«ያላ! ስለ አሳው ከአጥማጆቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ መጥበሻዎቹን ግቢሽ እናመጣቸዋለን። ሰው እጅ ላይ ሲገባ ትኩስ ካልሆነ የኔ ሥራ አይደለም።»

አራጋው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አሳ ሳንዱቹን እየበላ ይሰማን ነበር። የመጀመሪያው ተጠሪ እሱ እንዲሆን ፈልጌ ዘወር አልኩ።

«አያ አራጋው፣ ሰደቃው ነሐሴ በገባ ሁለተኛው ሐሙስ ነው። አንድ ዳስ ነው። አሳ ነው። ያንተን ሰዎች በሙሉ ይዘህ ና።»

አራጋው ማኘኩን አቆመ። አፉን ጠረገ። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ የተወው መሰለኝ።

«ሸጋ ነው፣ እታለም» አለ። «እንመጣለን።»

ከዚያ በኋላ በመንገድ ያገኘኋቸው ክርስቲያን ጎረቤቶችና ሾፌሮች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ «ሸጋ ነው፣ እንመጣለን» አሉኝ። ሰው እንዲህ ባንድ ቃል ሲስማማ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር እኔ እንዳሰብኩት እየሄደ ነው አልኩ።

ነሐሴ ገባ። ሰደቃው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የዳቦውን ነገር ለመጨረስ ሂዳያ ጋ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። አራጋው ከወዲያ ማዶ ጭቃውን እየዘለለ መጣ፤ ነጠላ ደርቧል።

«ሂዳያ፣ አንድ እርጥብ። መጥበሻው አሳ ነክቶታል?»

«አልነካውም፣ አያ አራጋው። ለናንተ የለየሁት ነው።»

እርጥብ እንኳ ምንም የማያስቸግር ምግብ ነው፤ ዳቦ ውስጥ የሚገባ ድንች ጥብስ፣ በላዩ ቲማቲም ስልስ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው።

«አሳ ቢነካው ምን ይሆናል?» አልኩት።

አራጋው ወደ ሂዳያ አየ። ሂዳያ ወደ ዘይቷ አየች።

«አያ አራጋው፣ ጾም ነው እንዴ?»

«ፍልሰታ ነው፣ እታለም።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስም ፍልሰታ ነው።»

«አሳ ትበሉ የለ?»

«ዱሮ ይበላ ነበር የሚሉ አሉ። በፍልሰታ ግን የኛ ቤት አይቀምስም። እስጢፋኖስ እያስቀደስኩ እንዴት ብዬ?»

«ታዲያ ‹እንመጣለን› አላልከኝም?»

«እንመጣለና!»

«መጥታችሁ ምን ልትበሉ?»

«አይ... እንቀመጣለን። ዱዓው ላይ እንገኛለን። ውሃ እንጠጣለን።» ትንሽ አሰበ። «ውሃውም ከቅዳሴ በኋላ ነው እንጂ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ።»

ወደ ሂዳያ ዞርኩ። «አንቺስ? መጥበሻ እየለየሽ? መቶ ሰው አሳ ስታዢ?»

«ወላሂ ቲቸር፣ እኔማ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ! ለእስላሞቹ አሳ፣ ለእነሱ ሌላ የምታደርጊ መስሎኝ። የተማረች ናት፣ ፕላን አላት አልኩ።»

የሁለቱንም ራስ አንድ ላይ ማጋጨት አማረኝ። ከሁሉም በላይ ግን የራሴን። ሙሐዲን የሞተው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው፤ ለቅሶ የመጡት ክርስቲያኖች ከጾም በኋላ የመጡ እንደነበሩ በደንብ አስታውሳለሁ። እንግዲህ ዓመቱም ከጾሙ በኋላ ይውላል ብዬ፣ የተባለው ሐሙስ የት ላይ እንደሚውል ሳልቆጥር፣ ልቤን ጣልኩ። ሸህ ዑበይዱላህ ግን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው፤ የጨረቃው ዓመት ከኛው መቁጠሪያ በአስር ቀን ያህል ያጥራል። በየዓመቱ ረመዳን ወደ ኋላ ሲሸሽ እያየሁ ያደግሁ ሴት ይህን ረሳሁት። ሙሐዲን በሁለት መቁጠሪያ ሁለት የተለያየ ቀን ነው የሞተው፤ ረቢያ አንዱን ይዛለች፣ እኔ ሌላውን።

እዚያው ቆሜ ረቢያ ጋ ደወልኩ። ቀኑ ትንሽ ቢገፋስ አልኳት።

«ምን?» አለች። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። «ከአምባሰል ሰው ተጠርቷል! የሙት ዓመት እንደ ስብሰባ ይተላለፋል? ወይፈኑን ስተው፣ ድስቱን ስተው፣ አሁን ደግሞ ቀኑን ልተው? ወንድሜንም ልተወው?»

«ይቅር በቃ፣ እቴ። አይተላለፍም።»

«አብሽሪ እንግዲህ፣ አታልቅሺ።»

«አላለቀስኩም።»

እውነቴን ነበር። ተናድጄ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው «አብሽሪ» እንዳለኝ ብቆጥር ለሰደቃው ዳቦ ይበቃ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ሂዳያ የአራጋውን እርጥብ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

«ኸላስ፣ ቲቸር» አለች። «አሳው ይቅር። ይሄን እንሥራ።»

«ድንች?»

«ድንች። ዘይት። ቃሪያ። አይታረድ፣ አይጾም። ማን ምን ይላል?»

ማን ምን እንደሚል አውቅ ነበር። ረቢያ ነበረች የምትለው። ግን አራጋው በትልቁ ጎርሶ፣ ሚጥሚጣው አይኑን አስለቅሶት፣ «እሱን ነው መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረባችሁ» ሲል፣ ይህን ሁሉ ሳምንት አፉን ዘግቶ የከረመ ሰው አሁን አማካሪ ሆኖ ሲቀርብ፣ ለመናደድም ጉልበት አጣሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ዳሱ አንድ ነበር፤ ከቤቴ ግድግዳ እስከ አጥሩ የተወጠረ አንድ ሸራ። ረቢያ ከውጫሌ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ይዛ ስትገባ ዳሱን ዞራ አየችው፣ ከዚያ ሂዳያ የላጠችውን የድንች ክምር አየች።

«ያረቢ» አለች። «እውነትሽን ነው።»

ወይፈኗን በማለዳው አሳርዳ አከፋፍላ ነው የመጣችው። ከእሷ ጋር የመጡት ሁሉ ያንን ሥጋ በአይናቸው ብቻ ያዩ ነበሩ። ይህን ከመቀመጣቸው በፊት ነግረውኛል።

እኔ የነገሩን አካሄድ እንዲህ አስቤው ነበር። እስላሞቹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይበላሉ፤ ክርስቲያኖቹ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መጥተው ይቀላቀላሉ፤ ሂዳያ ለእነሱ በትኩሱ ትጠብሳለች። ግማሽ ድል ነው፤ ቢሆንም አንድ ዳስ ነው አልኩ። ዘይቱ ጋለ። የመጀመሪያው ድንች ሊገባ ሲል ሂዳያ ሸህ ዑበይዱላህን አየት አደረገቻቸው። ሰደቃ ላይ ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ሳይሉ እጅ ወደ ምግብ አይዘረጋም።

ሸሁ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ጫታቸውን ይዘዋል።

«ሸህዬ፣ ድንቹ ሊጠበስ ነው» አልኩ።

«ማንን ነበር የጠራሽው፣ ልጄ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉም መጥቷል?»

«እነ አራጋው ቅዳሴ ላይ ናቸው። እስኪወጡ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እስከዚያ እኛ...»

«እንግዲያ ገና ነው» አሉና ቅጠላቸውን መምረጥ ቀጠሉ።

ያልሰማ ስላልነበረ ልድገመው አላልኩም። ከዚያ መቶ ሰው አንድ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ሂዳያ መጥበሻውን ከእሳት ላይ አወረደችው። የተላጠው ድንች አየር ሲያገኘው መጥቆር ስለሚጀምር ሮጬ ጨው በገባበት ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፤ እጄን የማስገባበት ሥራ በማግኘቴም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር። የጠራችን እሷ፣ ያስራበችን እሷ።

ረቢያ ባልዲው ላይ አጎነበሰችብኝ።

«የሸሁ ሆድ በጫት ለምዷል። የኛስ? ከአምባሰል ተራራ የወረደ ሽማግሌ አለኮ እዚያ ውስጥ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እቴ? ሂጂና አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ ለሸህ ዑበይዱላህ? ምላሴን ይቁረጠው!»

«እንግዲያ ዝም በዪ።»

ለረቢያ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ቢላዋ አነሳችና ባልዲው ውስጥ ካለው ድንች አንዱን አውጥታ አየችው። «ይሄ ወፍራም ነው፣ መሀሉ አይበስልም» አለች። ከአጠገቤ ተቀምጣ የሂዳያን ድንች በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ለሁለት ትሰነጥቅ ጀመር። ሂዳያ አይታ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ ተወችው።

ዝናብ መጣ። ሸራው እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ወንዶቹ በእንጨት እየገፉ ውሃውን ወደ ውጭ ይደፋሉ። አንዱ የውጫሌ ሰው፣ ሐቢብ የሚባል የረቢያ ባል ወንድም፣ «ሙሐዲን በሕይወቱ መንገደኛ አስጠብቆ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ አስጠበቀን» አለ። ማንም አልሳቀም። ሰው በጣም ርቦት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ እነ አራጋው ከአጥሩ በር ብቅ አሉ። አስር ይሆናሉ። ከእስጢፋኖስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተጣብቋል፤ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ነው። ደርሰው ባዶውን ትሪ፣ የጠፋውን እሳት፣ ተሰልፎ የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ ቆሙ።

«በልታችሁ ጨረሳችሁ?» አለ አራጋው።

«ምኑን በልተን!» አለ ሐቢብ ከውስጥ። «አንተን ስንጠብቅ አለቅን እንጂ!»

«እኔን? እኔ ውሃ እንኳ ከሌሊት ጀምሮ...»

«እኛስ ቀመስን? ጹሙ ሳትለን አስጾምከን! ግባ በል፣ አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡን ይዘህብን አትቁም!»

አሁን ሰዉ ሳቀ። አራጋው ግን አልሳቀም። በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገና፣ ዝናብ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሐቢብ ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀለት። ሌሎቹም እንዲሁ በየመካከሉ ተሰገሰጉ፤ ቦታ ስላልነበረ እንጂ ማንም ይህ ይሁን ብሎ አላዘዘም።

ሸህ ዑበይዱላህ ቅጠላቸውን ወደ ጎን አደረጉ። እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓው አጭር ነበር፤ የሙሐዲንን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ጠሩት። «አሚን» የሚለውና «አሜን» የሚለው ድምፅ አንድ ላይ ወጣ። እኔ ጓዳ በር ላይ ነበርኩ፤ የበሩን መቃን ይዤ ነበር። «ቢስሚላህ በሉ» አሉ ሸሁ፤ ሂዳያም «ያላ!» ብላ እነሱ ሲሰገሰጉ መልሳ ባጋለችው ዘይት ውስጥ የመጀመሪያውን ድንች ጣለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ግርግር ነው። ዳቦ የሚከፍል፣ ስልስ የሚጨምር፣ ወረቀት የሚቀድ። እኔ ቃሪያው ላይ ነበርኩ። አንዴ ቀና ስል አራጋውና ሐቢብ ሚጥሚጣ በዛ አልበዛም እየተጨቃጨቁ ነበር። ከአምባሰል የወረዱት ሽማግሌ ሦስተኛቸውን ይዘዋል። «ይሄ ወረቀቱም ይበላል?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ረቢያ አልበላችም። ሰው ሁሉ እጅ ላይ እስኪገባ አገልግላ፣ በመጨረሻ ጓዳ ገብታ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ እርጥብ በሁለት እጇ ይዛለች፤ በየት በኩል እንደሚጀመር አላወቀችም። እንጀራ የለመደ እጅ ነው። በስተመጨረሻ ጎኑን ነከሰችው፤ ስልሱ በቀሚሷ ላይ ወረደ።

«አላህ ያሳያችሁ» አለች። «እንዴት ያለ ብልሹ ምግብ ነው።» ደግማ ነከሰች። ብዙ አኘከች። «ይሄን ነው በየቀኑ የሚበላ የነበረ?»

«ይሄን ወይ አሳውን፣ በየቀኑ።»

«ቃሪያው እንዲህ እያቃጠለው?»

«ይጨመርልኝ ነበር የሚለው።»

ረቢያ ዳቦዋን አየች። አሁን ምን እንደምትለኝ አውቄ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የተባልኩትን፣ «አብሽሪ» ትለኛለች። አላለችኝም።

«ሲበላ ምን ይል ነበር?» አለች። «እኔኮ ከልጅነቱ ወዲህ ሲበላ ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ዝም ይል ነበር» አልኳት። «ወሬው ሁሉ ከበላ በኋላ ነው። ሲበላ እንዲህ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ...» ማሳየት ጀምሬ እጄን አወረድኩት።

ረቢያ አልገፋችኝም። ከወንበሩ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ወደ ውጭ ጮኸች።

«ሂዳያ! ለዚች ልጅ አንድ አምጪላት፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቃሪያም ጨምሪበት!»

«ድንቹ ማን እንደሰነጠቀው አላውቅም እንጂ ዘይት ብቻ ሆኗል!» አለች ሂዳያ ከውጭ።

«እኔ ነኝ! ምን ትሆኚ?»

ሂዳያ ምንም አልሆነችም። እርጥቡን ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ተቀበልኳት፤ ከረቢያ አጠገብ ተቀምጬ በላሁ።